የደንዲ ዳክዬዎችና የአዴ ጫልቱ ዶሮዎች

ከቀድሞው መሥሪያ ቤቴ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «እትዬ ፀሐይ፣ ለዓመታዊው መጽሔታችን ከሥራ ዘመንዎ አጠር ያለ፣ ጣፋጭና አስተማሪ ትዝታ ይጻፉልን» አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደሜ ፈላ። ጣፋጭ? ከየት አምጥቼ?

ይኸው ጻፍኩ። አጠር አላለም፣ ጣፋጭም አልሆነም። አስተማሪነቱን አንባቢ ይፍረድ። መጽሔቱ ካላወጣው ሌላ ቦታ ይወጣል፤ እኔን ከእንግዲህ የሚያዛውረኝ የለም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት አምቦ ነው፤ ቤታችን ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ውጭ ኦሮምኛ። ሁለቱን ቋንቋ ማወቄ ከዲፕሎማዬ ይልቅ ጠቅሞኛል። ጌዶ በሬ ስከትብ፣ ጀልዱ በግ ሳክም፣ ጊንጪ ቄራ ቆሜ ሥጋ ላይ ማኅተም ስመታ ዕድሜዬ አለፈ። ስለ ደመወዝ አልጽፍም፤ የመንግሥት ደመወዝ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ኃላፊዎችም ተፈራርቀውብኛል። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ ፎቶ መነሳት ይወድ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሥራ ትወድ ነበር። እሷን ቶሎ አነሷት።

የመጨረሻዎቹን አሥር ምናምን ዓመታት ግን ያሳለፍኩት ወፍ ስጠብቅ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ጎረቤቴ እንኳ «መንግሥት ለወፍም ዘበኛ ቀጠረ?» ብሎ ለሳምንት ቀልዶብኛል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ብርድ ከሚያባርራቸው ሩቅ አገሮች ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የውሃ ዳር ወፎች ወደ ሐይቆቻችን ይመጣሉ። እስከ የካቲት፣ አንዳንዴም እስከ መጋቢት ይሰነብታሉ። ከእነሱ ጋር የወፍ ጉንፋን የሚባል ክፉ በሽታ ሊመጣ ይችላል። ይህ በሽታ ቤት ውስጥ ከገባ ዶሮ አያስተርፍም፤ አልፎ አልፎ ሰውም ይይዛል፣ ይገድላልም። የእኔ ሥራ ደንዲና ወንጪ ሐይቅ ዳር እየወረድኩ መምጣት አለመምጣቱን ማየት ነበር።

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ ዶክተር ለሚ ናቸው። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። መጀመሪያ ቀን ደንዲ ሲወስዱኝ እኔ ቦቲዬን አጥልቄ ወደ ውሃው ለመውረድ ቸኩያለሁ። እሳቸው ከአፋፉ ላይ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ከዚህ ሆነን ምን ይታያል?»

«ከወረድሽ ይፈሩሻል። የፈራ ወፍ ሕመሙን ይደብቃል። መጀመሪያ ሳያውቁሽ እዪያቸው።»

ተቀመጥኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲገርፈኝ፣ እሳቸው በርቀት ማያ መነጽራቸው እያዩ በቀስታ ያስተምሩኛል። ጤነኛ መንጋ ሲያርፍ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ላባው እንዳይበተንበት ነው። የታመመው ግን ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ግድ የለውም፤ ፈንጠር ብሎ፣ አንገቱን ቀብሮ ይቀመጣል። ጭልፊት ሲያልፍ ሁሉም ብድግ ይላል፤ ያኔ የተነሱትን ሳይሆን ያልተነሳውን ነው ማየት። ውሃ ላይ አንድ ቦታ የሚሽከረከር ካለ ደግሞ ዓይንሽን ከእሱ እንዳትነቅዪ ይሉኝ ነበር። ይህን ሁሉ የተማርኩት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ በየሆቴሉ ከወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ ይህ በልጦብኛል።

ሌላው ጠባያቸው ቦቲ ማጠብ ነው። ከአንድ ሰው ጓሮ ወጥተን ወደ ሌላው ከመግባታችን በፊት በመንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ሶላቸውን በእንጨት እየፋቁ፣ በሳሙና ከዚያም በረኪና ባለበት ውሃ ያጥባሉ። ሹፌሩ ባይሳ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። «በሽታን ከጓሮ ጓሮ የሚያዞረው የመንግሥት ጫማ ነው» ይሉ ነበር። የእሳቸውን ቦቲ እኔ እንዳጥብላቸው አንድም ቀን አልፈቀዱም።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የሞተ ወፍ ስታገኝ ፌስታል እጅህ ላይ ገልብጠህ ታነሳዋለህ እንጂ በባዶ እጅ አትነካውም። ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን ዘንግ ከጉሮሮው ትወስዳለህ፣ በሌላ ዘንግ ከኋላው፤ እያንዳንዱን በየብልቃጡ። ብልቃጦቹ አይስ ቦክስ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በረዶው በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ እንዳያረጋቸውም ቅዝቃዜው እንዳይርቃቸውም። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። «ከዚህ በኋላ ይህን ሳጥን የሚከፍተው የላቦራቶሪው ሰው ብቻ ነው» ይላሉ። «ሬሳ አይጠብቅሽም፣ ፀሐይ። ሙቀት ካገኘው አፉን ይዘጋል።»

በደንዲ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አዳርሰናል። ዶክተር የሚሰጣቸው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን እርጎ ይጠጣሉ፣ ከዚያ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ በየቤቱ ያው ቃል ነው። «የሞተ ወፍ ወይም የታመመ ዶሮ ካያችሁ አትንኩ፣ አትሽጡ፣ አትደብቁ። ንገሩን። ከነገራችሁን ጉዳት አይደርስባችሁም።» እኔም በኋላ ብቻዬን ስሄድ ይህንኑ እናገር ነበር። አምኜበት ነው የተናገርኩት።

ከሰሚዎቹ አንዷ አዴ ጫልቱ ነበረች። «አዴ» በኦሮምኛ እትዬ ማለት ነው፤ ጫልቱ ግን እውነተኛ ስሟ አይደለም። የምጽፈውን በኦሮምኛ ነግሬያት «ስሜንና ሰፈሬን ተይልኝ፤ ሌላውን ጻፊው» ስላለችኝ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ስትናገር የሰውን እጅ ይዛ የምትናገር ሴት ናት። መሬቷ ጠባብ ናት፤ ቤቷን ቀጥ ያደረጉት ዶሮዎቿ ናቸው። በሰፈሯ ሴቶች የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ የሰበሰበቻቸውም እሷ ናት። ዶሮዎቿን በስም ትጠራቸው ነበር፤ ስትቆጣቸውም እንደ ልጅ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በተቃውሞው ምክንያት መንገድ ዛሬ ተዘግቶ ነገ ይከፈት በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ለሐይቁ ዙሪያና ለጊንጪ ከተማ ሴቶች የፈረንጅ ጫጩት ታደለ። ከአንድ የማባዣ ጣቢያ በጭነት መኪና፣ በካርቶን ታጭቆ መጣ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ እደላውን በንግግር ከፈተ። ይህን ሰው አንቱ ሳልል የምጽፈው አውቄ ነው። ዶክተር ለሚ ጠጋ ብለው «የፈንግል ክትባት ተከትበዋል?» ብለው ጠየቁት። ፈንግል የምንለው ዶሮ የሚፈጀውን፣ አንገት የሚያጣምመውን የቆየውን የአገራችንን በሽታ ነው።

«ተከትበዋል ተብሏል» አለ።

«ማን አለ?»

«ዶክተር፣ እባክህ ዛሬ የደስታ ቀን ነው።»

ጫጩቶቹ ከአበሻ ዶሮዎች ጋር አንድ ቆጥ ውስጥ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጥር ላይ አዴ ጫልቱ ደወለችልኝ። ከአፋፉ ላይ ወጥታ፣ ኔትወርክ ፈልጋ ነው የደወለችው፤ ነፋሱ ድምፅዋን እየበላው ነበር።

«አዴ ፀሐይ፣ ሉኩዎቼ፣ ዶሮዎቼ፣ እያለቁ ነው። ጫጩቶቹ ናቸው የጀመሩት፣ አሁን ወደ ትልልቆቹ ዞረ። ውሃው ዳር ደግሞ ሁለት ዳክዬ ሞቶ አየሁ። አልነካሁም። ዶክተሩ አትንኩ ስላሉ አልነካሁም።»

«ለማንም እንዳትሸጪ።»

«ኧረ አልሸጥም! ጎረቤቶቼ ገበያ እንውሰዳቸው ሲሉ እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ደረስን። ዶሮዎቹ አንገታቸው ተጣምሟል፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ነው፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሰው «ታዲያ ፈንግል ነው፣ ምን ያከራክራል?» ይል ይሆናል። ያከራክራል። ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ ዶክተር ለሚም ይህን በግልጽ ተናግረዋል። የሚለያቸው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዶሮዎቹም ከሁለቱ ዳክዬዎችም ናሙና ወሰድን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ የሠራሁበት ቀን የለም። ላቡ በጓንቴ ውስጥ እየወረደ፣ አንዷንም ብልቃጥ አላፈሰስኩም። ዶክተር ክዳኑን ራሳቸው ዘጉት። ባይሳ አይስ ቦክሱን ይዞ ቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ እንዲነዳ ተነገረው፤ እኛ ጓሮውን ለማጽዳት ቀረን።

ባይሳ ጊንጪ አልደረሰም ነበር ኃላፊው ሲደውልለት። ከላይ የመጡ እንግዶች ሐይቁን ማየት ፈልገዋል፤ መኪናው ይመለስ ተባለ። የቀረውን የነገረኝ ባይሳ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነበር።

«ናሙና ይዣለሁ አልኩት» አለኝ። «‹ይዘኸው ዙር፤ ማታ ትወስደዋለህ› አለኝ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ለስላሳና ቢራ ገዝተው መጥተዋል። ሞቋል። ኃላፊው የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ‹ይሄ አይስ ቦክስ አይደለም እንዴ?› አለ። ‹ጌታዬ፣ ናሙናው አለበት› አልኩት። ‹ታዲያ አውጥተህ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፤ መኪናው ውስጥ ጥላ ነው› አለኝ።»

አዎ። ሬሳው አፉን እንዳይዘጋ ብለን በጋዜጣ የጠቀለልነውን በረዶ ለቢራ አደረጉት። ብልቃጦቹ በፌስታል ተቋጥረው፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ወንበር ላይ ዋሉ። እንግዶቹ ሐይቁን አይተው፣ ፈረስ ጋልበው፣ ፎቶ ተነስተው፣ የቀዘቀዘ ጠጥተው ሄዱ። ማታ ባይሳ ብልቃጦቹን መልሶ አስገብቶ ወሰዳቸው። ላቦራቶሪው ተቀብሎ አየና «ለምርመራ ብቁ አይደለም» አለ። ሦስት ቃል ናት።

ታዲያ እንደገና አትወስዱም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። ያ ነው ሌላው ጉድ። ኃላፊው በዚያው ቀን ከእንግዶቹ ፊት ችግሩን «በቁጥጥር ሥር አዋልኩ» ለማለት ኮሚቴ አዋቅሮ ነበር። በማግስቱ እኛ ውጤት ስንጠብቅ ኮሚቴው ዱላና ኖራ ይዞ ሐይቁ ዳር ወረደ። ከአዴ ጫልቱ ቤት ጀምረው በዚያ ዳርቻ ያሉትን ዶሮዎች ሁሉ፣ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ ጨረሱ። ሁለቱ ዳክዬዎችም አብረው ጉድጓድ ገቡ፤ ኖራ ተደፋባቸው። ካሳ የሚባል ነገር አልተነሳም። እኔና ዶክተር ስንደርስ አፈሩ እየተደለደለ ነበር። አዴ ጫልቱ ጉድጓዱ አጠገብ ቆማ እጄን ያዘችኝ።

«ከነገራችሁን ጉዳት አይደርስባችሁም ብለሽኝ አልነበረም?» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተር ለሚ ከዚያ ቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ፤ እኔም ከኋላቸው ገባሁ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ሊሰማ ትንሽ ሲቀረው፣ «ማን አዘዘህ?» አሉት።

«ለጥንቃቄ ነው ዶክተር። የወፍ ጉንፋን ቢሆንስ?»

«ቢሆን ኖሮ አሠራር አለው። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ አለው፣ ካሳ አለው፣ ውጤት አለው። ውጤቱን ደግሞ አንተ ለቢራ አቀለጥከው።»

ፊቱ ትንሽ ቀላ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ «ዳክዬ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሪፖርቱ ይህን ይላል» አለ። «ዳክዬው አምጥቶታል። ዶሮው አልቋል። ችግሩ ተዘግቷል።»

«ጫጩቶቹስ?»

«ጫጩት ብዬ ብጽፍ ማን ይጠየቃል ዶክተር? ዳክዬ ግን አይጠየቅም።»

እንዲህ ነው ያለው፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው ደንቆሮ አልነበረም። በሽታው ምን ሊሆን እንደሚችል ከእኛ እኩል ያውቃል። ጫጩቱ ከሆነ በንግግር የከፈተው እሱ ነው፤ ዳክዬ ከሆነ ግን ሰማይ ያመጣው ነገር ነው። ከሺህ ተራራ ማዶ በርራ የምትመጣ ፍጥረት ለቢሮ ሰበብ ሆና ስታገለግል ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ስለ ዱር ወፎችና ስለ በሽታ በተወራ ቁጥር ድምፁን እቀንሳለሁ። ወፎቹ በሽታ አያመጡም ማለቴ አይደለም። ሊያመጡ ይችላሉ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ለዚያ ነው። ግን ሳይመረመር የተፈረደበት ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም።

ጥቂት ቆይቶ ጊንጪ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ በስተጀርባ፣ ዳክዬ በሥዕል እንኳ አይተው በማያውቁ ቤቶች ዶሮ ማለቅ ጀመረ። ሁሉም ከዚያው ካርቶን ጫጩት የወሰዱ ናቸው። ይህን ጊዜ ዶክተር መኪናም አልጠየቁ፣ ሹፌርም አልጠየቁ። ናሙናውን ወሰዱ፣ አይስ ቦክሱን ጭናቸው ላይ አድርገው በሚኒባስ ሄዱ። ወያላው ለሳጥኑ የሰው ሒሳብ ሲጠይቃቸው ሳይከራከሩ ከፈሉ። ውጤቱ መጣ፤ ፈንግል ነው። ዓይን ውስጥ አንዲት ጠብታ ክትባት ብትደረግ የማይገባ በሽታ።

ዶክተር ይህንን በስብሰባ ላይ ተነስተው አነበቡት። ኃላፊው አመሰገናቸው፤ አዎ፣ አመሰገናቸው። ከዚያ «ይህ የጊንጪ ጉዳይ ነው። የሐይቁ ጉዳይ ያኔ ተዘግቷል» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ ዶክተር ለሚ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የእንስሳ ድምፅ የማይሰማበት ቢሮ። ዓመት ሳይቆዩ ለቀቁና አንዲት የከብት መድኃኒት ቤት ከፈቱ። አሁንም ደንበኛ ሲገባ በርጩማ ይሰጣሉ። አንድ ዞን ሙሉ ሊጠብቁ የሚችሉ ሰው የትል መድኃኒት ሲሸጡ ይውላሉ። ኃላፊው በተቃራኒው አደገ። አምቦ ገባ፤ የእኛንም ሥራ ከላይ ሆኖ የሚከታተል እሱ ሆነ።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ሌላ ነገር ተተከለ። የጊንጪን ውጤት ይዤ ወርጄ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። አንዷ «ይሄ የጊንጪ ነው፤ የእኛን ዶሮ ውጤት አምጪ» አለችኝ። የለኝም። ከየት ላምጣ? ስለዚህ ጥፋቱ የሚያርፍበት ሰው መፈለግ ነበረበት፤ ተገኘም። «የደወለችው እሷ ናት። አፏን ብትይዝ ኖሮ ዶሮዎቻችን ነበሩ» አሉ። አዴ ጫልቱን ራሷ ከሰበሰበችው ማኅበር አስወጧት። ሰላምታ ነፈጓት። ልጇ ሲያገባ ድንኳን ለመትከል የመጣው ጎረቤት ጥቂት ነበር። ትክክለኛውን ነገር ያደረገች አንዲት ሴት ናት፤ የተቀጣችውም እሷ ብቻ ናት። ይህን ነው ጣፋጭ አድርጌ ልጽፍ የተባልኩት።

ከዚያ ወዲያ ከሐይቁ ዳር ስልክ አልመጣም። ኮሮና መጣ፣ ሄደ፤ ዳክዬዎች መጡ፣ ሄዱ፤ እኔም ድንጋዬ ላይ እየተቀመጥኩ አያለሁ። ሰዎቹ «አካም ጅርቱ?» ብለው ደህንነቴን ሲጠይቁኝ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ እላለሁ፤ እርጎም ያቀርቡልኛል። ስለ ወፍ ስጠይቅ ግን ሁሉም «ደህና ናቸው» ይላል። አንድ ሐይቅ ሙሉ ወፍ ይኖራል፣ አንድም አይሞትም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጥር ላይ፣ አዴ ጫልቱ ጓሮ ገባሁ። ለወጉ ያህል ሰላም አለችኝ፤ እጄን ግን እንደ ድሮው አልያዘችም። እንደገና ዶሮ አፍርታለች፤ ጥሩ ጥሩ ቄቦች ናቸው። ከጎመኑ ጀርባ አፈሩ ሰሞኑን የተነካ ቦታ አየሁ፤ እሾህ ተከምሮበታል። አንዲት ዶሮ ዳር ዳሩን ትጭራለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቆሻሻ ነው፤ ቀብረነው ነው።»

«ለቆሻሻ እሾህ ምን ያደርግለታል፣ አዴ ጫልቱ?»

እሾሁን በእግሯ ገፋ አደረገች። ከዚያ ዞራ አየችኝና «ዳክዬ ነው» አለች። «ውሃው ዳር ሞተው አገኘናቸው። እናንተ ሳትሰሙ ብለን ቀበርን። ሰንብቷል፣ አሁን ብታወጪውም ላባ ብቻ ነው።»

«ማን ነው የለቀማቸው?»

«እኔና ምራቴ።»

«በምን?»

«በእጃችን ነዋ። ታዲያ በምን ይነሳል?»

ምራቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ የሚጠባ ልጅ አቅፋለች። ምን እንደገደላቸው አላውቅም። መርዝም ሊሆን ይችላል፣ ብርድም፣ እርጅናም። ያም በሽታ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት እንዳላቸው ጠየቅሁ፣ ሳል እንዳላቸው ጠየቅሁ፤ የለንም አሉ። እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ቆሜ አስታጠብኳቸው፤ እያስታጠብኩ የምቆጣው በእነሱ ላይ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፣ ግን ድምፄ ጮኸ።

«ለቢሮ ትናገሪያለሽ?» አለችኝ አዴ ጫልቱ።

«መናገር አለብኝ። ሥራዬ ነው።»

ገብታ ገመድ ይዛ ወጣች። ፍርፋሪ በትና ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እየያዘች እግራቸውን ማሰር ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገ የጊንጪ ገበያ ነው። የሚሸጠውን እሸጣለሁ፣ የቀረውን ወንጪ እህቴ ጋ እልካለሁ። ኮሚቴው ሲመጣ ባዶ ቆጥ ያገኛል።»

«አዴ ጫልቱ፣ ማሎ፣ እባክሽ! እነዚህ ዶሮዎች በሽታው ይዟቸው ቢሆን ነገ ገበያ ላይ የሚነካካው ስንት ዶሮ ነው? በየከተማው ይበተናል። ወንጪም ይገባል። ስንት ቤት እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች፣ ማሰሯን ሳታቆም። «ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? አትሽጡ፣ አትደብቁ። ያኔ አልሸጥኩም፣ አልደበቅሁም። ጎረቤቶቼንም አስቀረሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አገኘሁ?»

ልክ ናት። እኔ ለቢሮ ከተናገርኩ እነዚህ ዶሮዎች ነገ ገበያ ይሄዳሉ፤ እሷ ብቻ ሳትሆን በሐይቁ ዙሪያ ያለው ቤት ሁሉ ወሬው በደረሰው ሰዓት ዶሮውን አስሮ ይወጣል። ዱላና ኖራ የያዘ ኮሚቴ ቀርቶ ስሙ ብቻ በሽታውን በአንድ ቀን በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሁሉ ይበትነዋል። ዝም ካልኩ ግን ዶሮዎቹ እዚሁ ይቆያሉ። ዕድሜ ልኬን «ንገሩ» ስል የኖርኩ ሴት እዚያ ጓሮ ውስጥ ቆሜ ይህን አሰብኩ።

«ፍቺያቸው» አልኳት። «አልናገርም።»

«በልጆችሽ ማይልኝ።»

ማልኩላት። እሷም አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

በምትኩ እሷም ቃል ገባችልኝ። አንድ ዶሮ አይሸጥ፣ አይታረድ፣ ከግቢ አይወጣ፤ የሚሞት ካለ ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ፣ ይደወል። በየጥቂት ቀኑ ሳልጠራ ሄድኩ፤ በራሴ ገንዘብ፣ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬና በፈረስ። የሕፃኑን ግንባር እዳስሳለሁ፣ ዶሮዎቹን አያለሁ፣ ከአፋፉ ላይ ተቀምጬ ዳክዬዎቹን እመለከታለሁ። ዶክተር ለሚንም በምስጢር አማክሬ ነበር፤ መድኃኒት ቤታቸው ውስጥ «ምን ምርጫ ሰጡሽ?» ብለው ጓንትና በረኪና ሰጥተውኛል። ማንም አልታመመም። ዶሮም አልሞተም። ዳክዬዎቹም ጊዜያቸው ሲደርስ ተነስተው ሄዱ። እነዚያ የተቀበሩት በምን እንደሞቱ እኔም አላውቅም፣ ማንም አያውቅም፣ ከእንግዲህም የሚያውቅ አይኖርም።

የሚያናድደኝ ዝም ማለቴ አይደለም። የሚያናድደኝ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ከሠራሁት በሽታ የመከላከል ሥራ ውስጥ ሰው አምኖኝ የተሳካልኝ ይህ ዝምታ ብቻ መሆኑ ነው። የሚመጣው ዓመት ዳክዬ ሲመጣ ያ ዳርቻ የሚያምነው ሰው የለውም። እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፤ በእኔ ቦታ የመጣው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን የቢሮ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚወርደው። በሩ ላይ ሲያዩት ምን እንደሚሉት እኔ አውቃለሁ።

ከመውጣቴ በፊት በነበረው የመጨረሻ ሳምንት ያ ኃላፊ ከአምቦ ደወለልኝ። የወቅቱን ማጠቃለያ ለላይ ሊያቀርብ ነው።

«እህ ፀሐይ፣ ከሐይቁ ምን አለ? የሞተ ወፍ ምናምን?»

«ምንም የለም» አልኩት።

«በጣም ጥሩ» አለኝ። «ጎበዞች ናችሁ።»